ለክሮና ዋጋ አለን፣ ለጎረቤት ፓውንድ ግን የለንም

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በየዕለቱ በሚያወጣው የምንዛሪ ዝርዝር ላይ የስዊድን ክሮና አለ፤ የዴንማርክም አለ፤ የጂቡቲ ፍራንክና የኬንያ ሺሊንግም ተራቸውን ይዘው ይታያሉ። የሱዳን ፓውንድ ግን የለም። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል፤ ለአሶሳ ሰው ግን የኑሮ ጉዳይ ነው። ከተማዋ በኩርሙክ በኩል ካለው የሱዳን ድንበር የምትርቀው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአካባቢው በርታዎች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ዘመድ አላቸው፤ ሰላም ባለበት ጊዜ ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለገበያ ይሻገራሉ። ለዚህ መንገደኛ የውጭ ምንዛሪ ሲባል አስቀድሞ የሚመጣለት ፓውንድ እንጂ ዶላር አይደለም። ስለዚህ ብርና ፓውንድ በሕግ የሚመነዘሩበት መስኮት አሶሳ ላይ መከፈት አለበት እላለሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ ለተጓዦችም በር ተከፍቷል፤ ከባንክ ውጭ የሆኑ የውጭ ምንዛሪ ቢሮዎችም ተፈቅደዋል። አሠራሩ የታሰበው ግን በቦሌ ለሚወጣ ሰው ነው። ባንክ ለጉዞ ምንዛሪ ለመስጠት ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይጠይቃል፤ ቢሮዎቹም በአመዛኙ አዲስ አበባ ናቸው። በእግሩ ወይም በጭነት መኪና ድንበር ለሚሻገር ሰው ትኬት ከየት ይመጣል? ያለው አማራጭ ከሱቅ በረንዳ ላይ ከሚመነዝረው ሰው ጋር መደራደር ነው። ሱዳን ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ የ500ና የ1,000 ፓውንድ ኖቶቿን መቀየር ስለጀመረች ድርድሩ ከዋጋ በፊት በኖቱ ይጀምራል። የሱዳን መንግሥት በያዘው አካባቢ አሮጌው ከገበያ ሲወጣ፣ የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በያዘው ደግሞ አዲሱ እንዳይሠራ ተከልክሏል። መንዛሪው ኖቱን ገልብጦ አይቶ ዋጋውን ይቆርጣል፤ ደረሰኝ የለ፣ የተለጠፈ ተመን የለ፣ ሐሰተኛ ቢገኝ የሚጠየቅ የለ። ከዚህ ሁሉ ለመዳን የፈለገ ሰው በካርድ ልክፈል ቢል እንኳ አይሆንለትም፤ ሱዳን በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር በኖረችባቸው ዓመታት የውጭ ካርዶች እዚያ አልተለመዱም።

በዶላር በኩል ዙሩ ለሚሉ መልሱ ቀላል ስሌት ነው። በእያንዳንዱ ምንዛሪ ላይ አምስት በመቶ ቢቆረጥ፣ ብሩን ወደ ዶላር ዶላሩን ወደ ፓውንድ የቀየረ ሰው ከ1,000 ብሩ የሚደርሰው የ902 ብር ከ50 ሳንቲም ዋጋ ነው። ሸቀጡን ገና ሳይገዛ ትርፉ አለቀ ማለት ነው። ለዚህ አገር አያቶች ከዚህ ይሻላቸው ነበር፤ ወርቃቸውን የሚሸጡበት ጠገራ ብር ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለ ጥያቄ ይያዝ ነበር።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የፓውንዱ መውደቅ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲነሳ ዶላር በ600 ፓውንድ አካባቢ ይመነዘር ነበር፤ በዓመት ከመንፈቅ ጊዜ ውስጥ በትይዩ ገበያ ከ2,000 አልፏል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ባንክ ካዝናው ውስጥ ቢያከማች ኪሳራ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ማንም አከማች አላለውም። መስኮቱ ሊሠራ የሚገባው ከወዲያ የመጣ ሰው የሚሸጠውን ፓውንድ ወደዚያ ለሚሄደው በዚያው ቀን በማስተላለፍ፣ በየማለዳው ተመን በመለጠፍ፣ ለአንድ ሰው ዝቅተኛ ጣሪያ በመወሰንና ትንሽ ኮሚሽን በመያዝ ነው። ሚዛኑ በአንድ ወገን ካጋደለ ለዕለቱ መዝጋት ይቻላል። በረንዳ ላይ ያሉት መንዛሪዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ ግብር አይከፍሉም፣ እኛም አናያቸውም።

ሌላው ስጋት ኮንትሮባንድ ነው፤ በተለይ ወርቅ። እዚህ ላይ ግን ማስረጃው ከተቃዋሚዎቹ ጋር አይቆምም። በ2016 በጀት ዓመት ለብሔራዊ ባንክ የገባው ወርቅ ወደ 4 ቶን ብቻ ነበር። የምንዛሪ ዋጋው ከገበያው ጋር ከተቀራረበ በኋላ በ2017 ከ30 ቶን በላይ ገባ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆፋሪ ወርቁን ወደ ሕጋዊው በር ያመጣው ዋጋው ስለተስተካከለለት ነው፤ ከዚያ በፊት ኬላና ፍተሻ ጠፍቶ አልነበረም። ለወርቅ የሠራው ለኖት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። እንዲያውም መታወቂያ አሳይቶ በመስኮት የሚመነዝር ሰው ለጸጥታ ኃይሎች ከማይታየው ሰው ይልቅ ለክትትል ይመቻል።

ኩርሙክ አካባቢ ውጊያ ባለበት ጊዜ ድንበሩ ላይ ቢሮ ክፈቱ ማለት አይደለም። አሶሳ ግን የባንክ ቅርንጫፎች አሏት፣ ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎችም በዙሪያዋ በመጠለያዎች ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ይዘው የወጡት ፓውንድ ነው። ብሔራዊ ባንክ ለአንድ ቅርንጫፍ ወይም ለአንድ የምንዛሪ ቢሮ የሙከራ ፈቃድ ይስጥ፤ የክልሉ መንግሥትም ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርብ።