ሦስት ክፍል ሙሉ ዝም ያለው ከበሮ

በኦርኬስትራ ውስጥ የምት መሣሪያ የሚጫወተው ሰው አብዛኛውን ምሽት የሚያሳልፈው በመጠበቅ ነው። ቫዮሊኖቹ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ሲለፉ እሱ ከኋላ ሆኖ ምት ይቆጥራል። ‹‹ለዚህ ሰው ደመወዝ የሚከፈለው ለምንድን ነው?›› ያለ ተመልካች አይፈረድበትም። መልሱ ‹‹ፓስቶራል›› በሚባለው የቤትሆቨን ስድስተኛ ሲምፎኒ ውስጥ አለ።

ሲምፎኒው መጀመሪያ የተሰማው ዲሴምበር 22 ቀን 1808 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ነው። አዳራሹ ይበርዳል፤ አምስተኛው ሲምፎኒም የቀረበው በዚያው ምሽት ስለነበር ዝግጅቱ አራት ሰዓት ያህል ፈጅቷል። የወንዝ ዳርን በሚያሳየው ሁለተኛው ክፍል ፍሉት ናይቲንጌልን፣ ኦቦ ድርጭትን፣ ክላርኔት ኩኩን ይሆናሉ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለነዚህ ወፎች ነው። እኔን ብዙም አይገርሙኝም፤ ወፍ መምሰልማ እረኛም ያፏጫል። የኛ ትውፊት ቅዱስ ያሬድ ዜማን ከወፎች ተማረ ይላል፤ ዜማው ግን የወፍ ጩኸት አይደለም።

የሚገርመኝ አራተኛው ክፍል ነው። በሦስተኛው ክፍል ገበሬዎች እየጨፈሩ ሳለ ሰማዩ ይጠቁራል። ቼሎዎቹ አምስት ድምፅ በሚጫወቱበት ምት ደብል ቤዞቹ አራት ይጫወታሉ፤ አይገጥሙም፣ እንዲገጥሙም አልተፈለገም። የሚሰማው ዜማ ሳይሆን ጉርምርምታ ነው። ከዚያ እስካሁን አንዴም ያልተመታው ቲምፓኒ የሚባለው ከበሮ ይወርዳል። ሁለት ከበሮ ብቻ! ማዕበሉ ካለፈ በኋላም እስከ መጨረሻው ድምፁ አይሰማም።

የሙዚቃ ደራሲው ሪቻርድ ስትራውስ ግን በ1915 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ‹‹የአልፕስ ሲምፎኒ›› ከመቶ በላይ ተጫዋች አሰልፏል፤ የንፋስ ማሽን፣ የነጎድጓድ ማሽን፣ የከብት ቃጭል ሳይቀር። አደንቀዋለሁ፣ አያስፈራኝም። ሁሉ ነገር ያለው ሰው ምን ሊያስቀርብን ይችላል?

ቻይናዊው የሙዚቃ ደራሲ ታን ዱን መንገዱን ቀየረ። በ1998 እ.ኤ.አ. በጻፈው የውኃ ኮንሰርቶ መሣሪያው ራሱ ውኃ ነው። ሶሎ የሚጫወተው ሰው ብርሃን በሚያሳልፉ ሳህኖች ውስጥ የተሞላውን ውኃ በመዳፉ ይመታል፣ ይቀዳል፣ ያንጠባጥባል፤ የተመታ ጎንግ ውኃ ውስጥ ሲነከር ድምፁ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሳህኖቹን በመብራት ማድመቁ ለዓይን ያደላል፤ ጨፍኖ መስማቱ ይሻላል። ቢሆንም ጠብታ እንዲሰማ ኦርኬስትራ ራሱን መግታት አለበት፤ ቤትሆቨን በቲምፓኒው ያደረገውም ይህንኑ ነው። ተፈጥሮን ወደ መድረክ የሚያመጣው የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን ይህ ቁጥብነት ይመስለኛል።

የቤትሆቨንና የታን ዱን ሥራዎች ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። በስልካችሁ ድምፅ ማጉያ ግን አትስሟቸው፤ የቼሎዎቹን ጉርምርምታ አያወጣውም። የጆሮ ማዳመጫ ተዋሱ።