ሸክምና ትርፍ

ንግድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መግዛትንና መሸጥን ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ማንሣት፣ መጫን፣ ማውረድና መከመር ግን የወዛደር ጉዳይ ነው ብሎ ይተወዋል። ዳሩ ግን ብዙ ትርፍ ሳይታወቅ የሚያልቀው በዚሁ መካከል ነው።

ለምሳሌ የጨፋን ሸለቆ እንመልከት። የቦርከና ወንዝ የሚያልፍበት ይህ ለም ሜዳ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ያበቅላል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውም አውራ ጎዳና በከሚሴ ያልፋል። እንግዲህ አንድ ኩንታል ማሾ አዲስ አበባ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ እንቍጠር። ገበሬው ከአውድማ ወደ ቤቱ ያገባዋል፤ በገበያ ቀን ይጭነዋል፤ ከሚሴ ሲደርስ ያራግፈዋል። ነጋዴው ደግሞ ከሚዛን ላይ ያወጣዋል፤ ከሚዛን ወደ መጋዘን ያስገባዋል፤ ከመጋዘን ወደ ካሚዮን ያስጭነዋል፤ አዲስ አበባም ሲደርስ ያስወርደዋል። ሰባት ጊዜ ተነሣ ማለት ነው። በየማንሣቱ ድካም ወይም የጫኝና አውራጅ ዋጋ ይጨመራል፤ እህሉ ግን አልበዛም፤ እንዲያውም ጆንያው በተቀደደ ቍጥር ይጐድላል።

ይህን ኪሣራ የሚከፍለው ማነው? ነጋዴው ከኪሱ አይከፍለውም። ወይ ለገበሬው የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል፤ ወይ በሸማቹ ላይ ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ነጋዴ፣ አይዲያል ኤክስ በተባለች መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ከኒዋርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ይኸውም ዕቃው በየወደቡ አንድ በአንድ ከሚነሣ፣ በሣጥኑ እንዳለ ከመኪና ወደ መርከብ ይሻገር የሚል ነው። ዛሬ ከጅቡቲ ወደ ሞጆና ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚመጣው ኮንቴይነር የዚያ ሐሳብ ፍሬ ነው።

ክሬን የሌለው ነጋዴስ ምን ያድርግ? ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። የመጋዘኑን መጫኛ መድረክ ከካሚዮኑ ወለል ጋር እኩል ቢያደርገው፣ ጆንያው ወደ ላይ መወርወሩ ይቀራል። በባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ቢጠቀም፣ ወገብ ይሸከመው የነበረውን ጎማ ይሸከመዋል። ጆንያውን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አራርቆ ቢከምር እርጥበት አያገኘውም። ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን ከበር አጠገብ ቢያኖርና አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ እንዲወጣ ቢያደርግ ደግሞ፣ ነቀዝ የሚበላው እህል ይቀንሳል።

ሸክም ሲቀንስ ወዛደሩ እንጀራውን ያጣል የሚሉ አሉ። ይህ ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ስለ ክብደቱም ማሰብ ይገባል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክር፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ በጉልበቱ የሚሸከመው ጭነት ከ55 ኪሎ የበለጠ ከሆነ እንዲቀነስ አሳስቧል። ለጨፋ ገበሬ የሚመጣው ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ጆንያ ታሽጎ ሲመጣ፣ እሱ የሚሸጠው እህል ግን 100 ኪሎ ሆኖ በሰው ትከሻ ላይ ይወጣል። ኩንታሉ ለሁለት ቢከፈል ሥራው አይጠፋም፤ የሚጠፋው የወገብ ስብራት ነው። አባቶቻችንም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

ይህ ትምህርት ለነጋዴ ብቻ አይደለም። ነገ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት የሚረከበው ወጣት ጸሐፊ፣ መዝገቡን ከማስተካከሉ ጋር አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህ ዕቃ ከገባበት ቀን ጀምሮ እስኪወጣ ስንት ጊዜ ይነሣል? ከእነዚህስ የትኛው ቢቀር ምንም አይጐድልም? መልሱን ያገኘ እንደ ሆነ፣ በጀት ሳይጨመርለት ለመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ አተረፈ።