ዘር ከልጓም ይስባል?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ሲባል ብዙዎቻችን ራሳችንን በአዎንታ እንነቀንቃለን። ተረት ነውና ማን ይከራከረዋል? እኔ ዛሬ ልከራከረው ነው። ያውም ሰሜን አሜሪካ ድረስ ተሻግሬ፣ በረዶ ላይ። እዚያ አይስ ሆኪ የሚሉት ጨዋታ አለ። የዘር ተረቷም ከነሙሉ ክብሯ እዚያ አለች።

ጨዋታውን ለማታውቁት፣ ገናን አስቡ። ቆልማማው ዱላ ያው ነው። በሩር ፋንታ ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ፣ በመስክ ፋንታ በረዶ፣ በባዶ እግር ፋንታ ስለት ያለው ጫማ አድርጉበት። ጌታ የማይቆጣ መሆኑ እንኳ ይመሳሰላል፤ በቡጢ የተደባደበ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ተቀጥቶ ይመለሳል።

በ1917 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው ትልቁ ሊጋቸው፣ ኤን ኤች ኤል፣ ለረጅም ጊዜ የካናዳውያን ቤት ነበር። የውጭ ሰው ሲመጣ ታዲያ ተረቷ ሥራ ጀመረች። ካናዳዊ ወኔው የተፈጥሮ ነው፣ ራሺያዊ እጅ እንጂ ልብ የለውም፣ ስዊድናዊ ሲገፉት ይወድቃል ተባለ። ቦርዬ ሳልሚንግ በ1973 ከስዊድን ቶሮንቶ ሲገባ «ፈሪ ስዊድናዊ» እያሉ በዱላም በስድብም ተቀበሉት። ሰውዬው አሥራ ሰባት የውድድር ዘመን ተጫውቶ በ1996 የሆኪው የክብር አዳራሽ ገባ። ዶን ቼሪ የተባለው የቀድሞ አሠልጣኝ ግን በካናዳ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት የአውሮፓ ተጫዋቾችን ሲያጣጥል ኖረ። በ2019 ስለ ስደተኞች በተናገረው ምክንያት ነው የተባረረው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ገጸ ባሕርይውን በአገሩ ስም ብቻ የሚቀርጽ ደራሲ ሰነፍ ነው እል ነበር። የስፖርት ተንታኙም ከዚህ አያመልጥም።

እስቲ ማስረጃ እንይ። ሶቪየቶች ይህን ጨዋታ በብሔራዊ ውድድር ደረጃ የያዙት በ1946 ነው። ከዚያ በፊት የሚያውቁት በሰፊ በረዶ ላይ በኳስ የሚጫወቱትን ባንዲ ነበር። በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና ገቡና ካናዳን 7 ለ 2 ረትተው ዋንጫውን ወሰዱ። «ካናዳ የላከችው አማተሮቿን ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ይሁን። በ1972 ፕሮፌሽናሎቿን አሰልፋም ቢሆን የመጀመሪያውን ግጥሚያ እዚያው ሞንትሪያል ላይ 7 ለ 3 ተሸነፈች። የስምንቱን ግጥሚያዎች ፉክክር ያሸነፈችው፣ በመጨረሻው ጨዋታ 34 ሰከንድ ሲቀር ፖል ሄንደርሰን ባገባት ጎል ነው። ታዲያ የራሺያ ደም በስምንት ዓመት ተለወጠ? የመጣው አናቶሊ ታራሶቭን የመሰለ አሠልጣኝ፣ የመንግሥት ገንዘብና ልጆችን ከታች መልምሎ የሚያሳድግ ሥርዓት ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሮጀር ባርንስሊ የተባለ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ምሁር የተጫዋቾችን የልደት ወር ቆጠረ። በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት በቁጥር በጣም በዝተው ተገኙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጆች በዕድሜ የሚመደቡት ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ በመሆኑ፣ የጃንዋሪው ልጅ ከዲሴምበሩ ጋር ሲሰለፍ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ይበልጠዋል። ፈርጠም ያለ ነውና ይመረጣል፤ ስለተመረጠ ደህና አሠልጣኝና ብዙ ልምምድ ያገኛል። የደም ቆጣሪዎቹ እስቲ ይመልሱልኝ፦ የካናዳ ደም በጃንዋሪ ወፍሮ በዲሴምበር ይቀጥናል እንዴ?

አገር ምንም ለውጥ አያመጣም እያልኩ አይደለም። ያመጣል እንጂ! ፊንላንድ አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ይዛ በ2022 የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ግን አገር የሚሰጠው ሜዳ፣ አሠልጣኝና የልምምድ ሰዓት ነው። ያ ሲገኝ የየአገሩ ሰው ተቀላቅሎም ያሸንፋል። ዲትሮይት ከ1955 ወዲህ ያጣውን ዋንጫ በ1997 ያገኘው በካናዳዊ አሠልጣኝና አምበል፣ በአምስት ራሺያውያንና በስዊድናዊው ኒክላስ ሊድስትሮም ነው።

ጃሮም ኢጊንላን ደግሞ ተመልከቱ። አባቱ ናይጄሪያዊ ነው፤ እንደ ዘር ተረቷ ከሆነ በረዶን ሊያውቅ የሚገባው ከፍሪጅ ውስጥ ነበር። እሱ ግን ኤድመንተን ተወልዶ እዚያው አልበርታ ውስጥ አደገ። ካናዳ በ2002 ከሃምሳ ዓመት በኋላ የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ በፍጻሜው ሁለት ጎል ያገባው እሱ ነው። ቶሮንቶም ሆነ ሚኒያፖሊስ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ልጁ ስኬቲንግ ሲያምረው «ተው፣ ይሄ የእኛ ጨዋታ አይደለም» አትበሉት። ዕቃውና የበረዶው ኪራይ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። አቅም ካጣችሁ «ገንዘብ የለኝም» በሉት፤ ልጅ ይረዳል። በደሙ ካመካኛችሁ ግን ዕድሜ ልኩን የሚሸከመውን ነው የምታሸክሙት።

ተረቷ ስታሞግሰንም እንጠንቀቃት። ፈረንጅ ስለ ሯጮቻችን «ደማቸው ነው፣ ተራራው ነው» ሲል ደረታችን ይነፋል። ከፍታ ብቻውን ቢያሮጥ ኖሮ ቲቤትና ቦሊቪያ ሜዳሊያውን ጠቅልለው በወሰዱት ነበር። በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ከልጅነት የያዘ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል አሠልጣኝ አለ። «ደም ነው» ባልን ቁጥር የእሱን የንጋት ድካም እንሰርዛለን። የልምምድ ሜዳ የሚነፍግ ባለሥልጣንም ይመቸዋል፤ ደም ከሠራው እሱ ምን ቸገረው?

ስለዚህ ማንም፣ ስለ የትኛውም ሕዝብ፣ «በደማቸው ነው» ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ሜዳውን ማን ሠራ? ማን አሠለጠነ? ማንስ ከፈለ?