ዝግ ያለ ብሉግራስ ለጀማሪዎች፦ ለብቻ ወይስ ከነባሮቹ ጋር?

የካሊፎርኒያዋ በርክሌ ለብሉግራስ ሙዚቃ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳን ፓብሎ ጎዳና የተከፈተው፣ አሁን አዲሰን ጎዳና ላይ ያለው ፍሬይት ኤንድ ሳልቬጅ የተባለው የሙዚቃ ቤት ለዚህ ሙዚቃ መድረክ ሆኖ ቆይቷል። ባንጆ ወይም ማንዶሊን ገዝቶ ቤቱ ለብቻው የሚለማመድ ሰውም በአካባቢው አይጠፋም። ይህ ሰው ከሌሎች ጋር መጫወት ሲያምረው ወዴት ይሂድ? ገሚሱ ለጀማሪዎች ዝግ ያለ ጃም፣ ማለትም ተሰብስቦ አብሮ መጫወቻ፣ ለብቻው ይቋቋም ይላል፤ ገሚሱ ከነባሮቹ ኋላ ተቀምጦ ይልመድ ባይ ነው። ሁለቱም ሙዚቃውን ከልባቸው ይወዳሉ።

ለብቻው ይሁን የሚሉት መነሻቸው ፍጥነቱ ነው። ስያሜውን ከኬንታኪው ተወላጅ ከቢል ሞንሮ ቡድን ያገኘው ይህ ሙዚቃ፣ ባንጆን በሦስት ጣት የሚመታው ኧርል ስክራግስ በ1945 መጨረሻ ቡድኑን ከተቀላቀለ ወዲህ ፍጥነት አንዱ መለያው ሆኗል። በጃም ላይ አንዱ የዘፈኑን ስም ይጠራል፣ «በጂ» ይላል፣ ወዲያው ይጀመራል። የጀማሪው ጣት ከጂ ኮርድ ተነሥቶ ሲ ኮርድን እስኪያገኝ ዘፈኑ ወደ ጂ ተመልሷል። ዜማውን ለብቻው የሚጫወትበት ተራ ደርሶ ሁሉም ወደ እሱ ሲዞር ደግሞ የሚያውቀውም ይጠፋዋል። ዝግ ሲል ግን ሌላው የሚጫወተውን ለመስማት ፋታ ያገኛል። የባንጆ ተጫዋቹ ፒት ወርኒክ ጀማሪዎችን በማስተማር ስም ያተረፈው በዚሁ መንገድ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ እዚህ ላይ መደምደም ይቻል ነበር። ተቃዋሚዎቹ ግን የሚናቅ ነገር አልተናገሩም። ዘፈኑ ከልክ በላይ ሲዘገይ የማንዶሊኑ ምት ይሞታል፤ ዘፋኙም ስንኙ ሳያልቅ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጀማሪ ብቻ የተሰበሰበበት ቡድን ምቱን የሚጠብቅለት ስለሌለው፣ ዓመት ቆይቶም እዚያው ሊገኝ ይችላል። የአዝማሪ ልጅ መሰንቆ የሚለምደው ከአባቱ ጎን ሆኖ እንጂ በተለየ ክፍል አይደለም ቢሉም እውነት አላቸው። እርግጥ ያ ልጅ ዜማውን ከእናቱ ጀርባ ጀምሮ ሰምቶታል፤ ከሥራ ወጥቶ ማታ የሚመጣው የአርባ ዓመት ጎልማሳ አልሰማውም።

የነባሮቹም ድካም መታሰብ አለበት። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቁት ምሽት ሁልጊዜ ወደ ትምህርት ቤት ሲለወጥባቸው ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም።

ለእኔ የሚሻለው ምሽቱን መክፈል ይመስለኛል፦ የመጀመሪያው ሰዓት ዝግ ያለ ይሁን፣ ሁለተኛው በተለመደው ፍጥነት ይሂድ። ጀማሪዎቹ በሁለተኛው ሰዓት ከኋላ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ኮርድ ብቻ ይምቱ። ይህም ቢሆን እንከን አያጣውም፤ የመጀመሪያውን ሰዓት የሚመራው ሰው ይሰለቻል፣ ስለዚህ ነባሮቹ ቢፈራረቁበት ይበጃል።

እንዲህ ያለ ቡድን ለመጀመር ያሰባችሁ ግን ባንጆ ተጫዋች ከመፈለጋችሁ በፊት ምት የማይስት አንድ የጊታር ወይም የቤዝ ሰው አግኙ። እሱ እስኪገኝ ቡድኑን ማቆየት ይሻላል።