ምርጫን ማን ነጠቀ?

አንድን ከተማ በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ መሰብሰብ የአንባቢን ምርጫ መንጠቅ ነው የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ፈጽሞ አልስማማም። በ1998 እ.ኤ.አ. ሲያትል ውስጥ ይህን ሥራ ያስጀመሩት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ናንሲ ፐርል ማንንም አላስገደዱም። መጽሐፍ መረጡ፣ ሰዉን ለውይይት ጠሩ፤ ማንበብ አለማንበቡ የአንባቢው ፈንታ ነበር።

በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሲያትል የመረጠችው የእኛኑ የዲናው መንግሥቱን ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፉ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ከኬንያዊና ከኮንጎአዊ ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥቶች እስከነዓመታቸው እየጠራ ይጫወታል። ይህን ያነበበ ሰው በማግስቱ ወተት ሊገዛ ሲገባ ባለሱቁን ቀና ብሎ ያየዋል። ጎረቤቱም ያንኑ ገጽ አንብቦ ከሆነ፣ በር ላይ ቆመው ወሬ ይጀምራሉ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ገብቶ የወደደውን ቢያነብ ማን ከለከለው?