የተሰቀለ ሰው ቤት

በቅርቡ እህቴን ልጠይቅ ወደ ሜሪላንድ በተጓዝኩበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ከነቤተሰቧ ሃርፐርስ ፌሪ ወደምትባል ጥንታዊት መንደር ወሰደችኝ። መንደሪቱ የምትገኘው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ የፖቶማክና የሼናንዶዋ ወንዞች በሚገናኙበት ሥፍራ ነው። የድንጋይ ቤቶቿና ዳገታማ መንገዷ ዐይን ይስባሉ። እኔን ያቆመችኝ ግን አንዲት ትንሽ የጡብ ቤት ናት።

ጆን ብራውን ባሪያዎችን ነፃ ለማውጣት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1859 የመንግሥትን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ወርሮ፣ በመጨረሻ የተማረከው በዚህች ቤት ነው። በክህደት ወንጀል ተፈርዶበት በዲሴምበር 2 ተሰቀለ። ቤቷ ለ1893ቱ የቺካጎ ዐውደ ርእይ ተነቅላ ተወሰደች፤ ከተመለሰችም በኋላ ከቦታ ቦታ ስትንከራተት ቆይታ በ1968 ከቀድሞ ሥፍራዋ አጠገብ ተተከለች። ዛሬ የሚጠብቃት ያው ብራውንን የማረከው የፌዴራል መንግሥት ነው። ሰውየው ጀግና ነው ወይስ ነፍሰ ገዳይ? ክርክሩ አላለቀም፤ ተከራካሪዎቹ ግን የሚቆሙበት ደጃፍ አላቸው።

እኛ ዘንድ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሠፈሮች ፈረሱ። መጎሳቆላቸውን አልክድም፤ ጣራው የሚያፈስበት ነዋሪ የተሻለ ቤት ይገባዋል። ነገር ግን የትኛው ይጠገን፣ የትኛው ይፍረስ ብለን መቼ ተመካከርን? ከፈረሰ በኋላ የሚደረግ ክርክር ለቅሶ እንጂ ምክክር አይደለም።

ማምሻውን ስንመለስ የእህቴ ልጅ፣ «አጎቴ፣ አንተና እማዬ ያደጋችሁበትን ቤት መቼ ታሳየኛለህ?» አለኝ።

ያደግነው ዶሮ ማነቂያ ነበር።