ፖሊ፦ የባሕር ዳር የቴክኒክ ትምህርት መነሻ

በአጭሩ ፖሊ የሚባለው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥትና በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር ተቋቋመ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1951 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሞስኮን ጎብኝተው ነበር። ከአሜሪካ ጋር የጠበቀ ወታደራዊ ወዳጅነት የነበረው መንግሥት ትምህርት ቤቱን ከሶቪየቶች መቀበሉ ብልኅ ውሳኔ ነበር።

ባሕር ዳርም ያኔ ባለሙያ የምትሻ ከተማ ነበረች። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀምሯል፤ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫም ብዙ ሳይቆይ ተከትሏል። ማሽን የሚጠግን፣ መስመር የሚዘረጋ ቴክኒሻን ግን በቀላሉ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ኢንስቲትዩቱ በእርሻ መካኒክ፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በእንጨት ሥራ፣ በብረታ ብረት፣ በኤሌክትሪክና በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ አሠለጠነ። እነዚህ ሙያዎች በጥቁር ሰሌዳ ብቻ አይለመዱም። በቶርኖ ላይ ብረት የሚያሾር ተማሪ ልኬቱን በጥቂቱ ካሳነሰ ቁራሹ አይመለስም፤ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት አለበት። የተቋሙ ትልቁ ውለታም ይህን የእጅ ጥንቃቄ ከትምህርቱ እኩል ማየቱ ነው።

በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ፖሊ ከባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ጋር መሠረቱ ሆነ። የምሕንድስናው ዘርፍ ዛሬ በባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥር ሲሰጥ፣ ጨርቃ ጨርቅ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለው።